ዜሮ ረድፍ ተነካ

ማይ-ኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ «ድሮፕ ቴብል» (ቴብሉን፣ ማለትም ሰንጠረዡን፣ ጣለው) ብሎ ለጻፈ ሰው የሚመጣው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ኪዩሪ ኦኬ፣ 0 ሮውስ አፌክትድ»። ትእዛዙ ተፈጽሟል፣ የተነካ ረድፍ የለም ማለቱ ነው። 800 ሺህ ደረሰኝ የተመዘገበበት ቴብል ግን በቦታው የለም። ዳታቤዙ አልዋሸም። ረድፎቹን አንድ በአንድ እየጠራ አልሰረዘም፤ የያዛቸውን ፋይል አነሣ፣ ስሙንም ከመዝገቡ ፋቀ። ሥራው በሰኮንድ ክፋይ የሚያልቀው ለዚህ ነው። የጠፋ ቴብል ፍለጋም በ«ዴሊት» የሄደ ረድፍ ከመፈለግ የተለየ ሙያ የሚሆነው ለዚሁ ነው።

(ትእዛዞቹን በአፍ እንደምንጠራቸው ነው የምጽፈው። ኪቦርድ ላይ ስትቀመጡ ወደ ላቲን ፊደል መልሷቸው።)

የቴስቱ (የመሞከሪያው) መስኮት መስሎት ፕሮዳክሽኑ (እውነተኛው ሥራ የሚሠራበት ዳታቤዝ) ላይ «ድሮፕ» ጽፎ «ኢንተር» የሚመታ አለ። እኔ ይበልጥ የምፈራው ግን ሳይጽፍ የሚያጠፋውን ነው። ማይ-ኤስኪውኤል-ዳምፕ የሚያወጣው የባካፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ፋይል፣ አታድርግ ካልተባለ በቀር፣ በየቴብሉ መግቢያ ላይ «ይህ ቴብል ካለ ጣለው» የሚል መስመር አለው። ያንን ፋይል ተሳስቶ ፕሮዳክሽን ላይ የጫነ ሰው ምንም የጠፋ ነገር አያይም፤ ቴብሎቹ በየስማቸው አሉ፣ ውስጣቸው ግን ያለፈው ወር ነው። ባዶ ቴብል ቶሎ ያስጮኻል። ያረጀ ቴብል ግን ሒሳብ ሠራተኛዋ «የትናንቱ ሽያጭ የት ገባ?» እስክትል ድረስ ዝም ይላል። ላራቬል በሚባለው የዌብ አፕሊኬሽን መሥሪያ ላይ ደግሞ «ማይግሬት ፍሬሽ» የሚባለው ትእዛዝ ሁሉንም ቴብል ጥሎ ከባዶ ይሠራቸዋል። ፕሮዳክሽን መሆኑን ካወቀ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚያውቀው ግን በማስተካከያ ፋይሉ ላይ እንደዚያ ተብሎ ከተጻፈ ብቻ ነው። ከዴቨሎፐሩ ላፕቶፕ እንዳለ የተገለበጠ ፋይል «ሎካል» ነው የሚለው፣ ስለዚህ ጥያቄም የለም።

ከዚያ በኋላ ያሉት አሥር ደቂቃዎች ከራሱ ከጥፋቱ ይልቅ ብዙ ይወስናሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በድንጋጤ የሚደረገው ጥገና ሁለተኛው ጥፋት ነው። በጣም የተለመደውና በጣም የከፋው የትናንት ማታውን ባካፕ በቀጥታ ፕሮዳክሽኑ ላይ መጫን ነው። አሁን የተናገርኩትን መስመር አስታውሱ፤ የባካፕ ፋይሉ የጠፋውን አንድ ቴብል ብቻ ሳይሆን ደህና የነበሩትን 60 ቴብሎችም ጥሎ ወደ ትናንት ይመልሳቸዋል። አንድ የጠፋ ቴብል የነበረው ቢሮ በራሱ እጅ የቀኑን ሥራ በሙሉ አጣ ማለት ነው። ሁለተኛው ስሕተት «ለጊዜው አፕሊኬሽኑ እንዲሠራ» ብሎ ቴብሉን ባዶውን እንደገና መፍጠር ነው፤ አዲስ ደረሰኞች ከቁጥር 1 ጀምረው ይገባሉ፣ አሮጌው ሲመለስም ቁጥር ከቁጥር ይጋጫል። ሦስተኛው የፋይል ማዳኛ ፕሮግራም አውርዶ እዚያው ዲስክ ላይ መጫን ነው።

መጀመሪያ አፕሊኬሽኑን አቁሙ። ከዚያ ሰዓቱን በወረቀት ጻፉ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ባካፕና ሎግ (ዳታቤዙ ለውጦቹን የሚመዘግብበት ፋይል) አለ ወይስ የለም? ካለ ዳታቤዙን መዝጋት አያስፈልግም፤ ሎጎቹን ወደ ሌላ ማሽን ገልብጡ፣ ያረጁትን የሚያጸዳው አሠራርም ሳይቀድማችሁ አቁሙት። ከሌለ ግን ተስፋው ዲስኩ ላይ የቀረው ጥሬ ባይት ብቻ ስለሆነ ዳታቤዙን ዝጉ (ፋይሉ በ«አርኤም»፣ በሊኑክስ የፋይል መሰረዣ ትእዛዝ፣ ከጠፋ ግን አትዝጉ፤ ምክንያቱን በኋላ እመለስበታለሁ)፣ ዲስኩን ለንባብ ብቻ አድርጉ፣ ሙሉ ምስሉንም በሌላ ዲስክ ላይ ቅዱ። እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ነገር ይጨመርበታል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ በራሱ ይነሣል፣ ዳታቤዙም አብሮት ተነሥቶ መጻፍ ይጀምራል። ስለዚህ «ስቶፕ» ብቻ አይበቃም፣ ሲስተም-ሲቲኤል (የሊኑክስ አገልግሎት ማስነሻና ማቆሚያ) ላይ «ዲሴብል» መባል አለበት። ጄነሬተሩ እስኪነሣ ባለችው የ20 ሰኮንድ ክፍተት ሁሉም ነገር ሊበላሽ ይችላል።

አንዳንዱ ዳታቤዝ ደግሞ ይቅር ባይ ነው። ፖስትግሬስና ኤስኪውኤል ሰርቨር «ድሮፕ ቴብል»ን እንደማንኛውም ትእዛዝ በትራንዛክሽን (አብረው በሚጸድቁ ወይም አብረው በሚሻሩ ትእዛዞች) ውስጥ ይይዙታል፤ «ቢጊን» ብሎ የጀመረ ሰው «ሮልባክ» ሲል ቴብሉ እንደነበረ ይመለሳል። ማይ-ኤስኪውኤል እንዲህ አያውቅም፤ «ድሮፕ» ራሱ ኮሚት (ማጽደቂያ) ነው፣ ከእሱ በፊት በዚያው ትራንዛክሽን የተሠራውንም አብሮ ያጸድቃል። «ሮልባክ» ብላችሁ «ኦኬ» ቢላችሁ አትመኑት። ኦራክል ከ10ጂ ወዲህ ሪሳይክል ቢን አለው፤ የተጣለው ቴብል ስሙ ተቀይሮ እዚያው ይቀመጣል፣ «ፍላሽባክ ቴብል፣ ቱ ቢፎር ድሮፕ» ሲባልም ይመለሳል። ኢንዴክሶቹ (የፍለጋ ማውጫዎቹ) ግን በሪሳይክል ቢኑ ስማቸው ነው የሚመጡት፣ ፎሪን ኪዎቹ (ቴብልን ከቴብል የሚያያይዙት ደንቦች) ጭራሽ አይመጡም፣ ቦታ ሲጠብም አሮጌው ይጸዳል። «ፐርጅ» ተብሎ የተጣለ ወይም በ«ትራንኬት» የተራገፈ ቴብል በዚህ መንገድ አይገኝም። ኤስኪውላይት ላይ የተጣለው ቴብል ገጾች ነፃ ተብለው እዚያው ፋይል ውስጥ ስለሚቆዩ፣ «ቫክዩም» (ነፃ ገጾችን የሚያስወግደው ትእዛዝ) ሳይደረግና አዲስ ነገር ሳይጻፍባቸው ፋይሉን ገልብጦ «ሪከቨር» ማለት ብዙ ጊዜ ፍሬ ያስገኛል።

አሁን ወደ ዋናው፣ የማታ ባካፕና ባይነሪ ሎግ (በአጭሩ ቢንሎግ) ወዳለበት ማይ-ኤስኪውኤል። ቢንሎግ ከ8.0 ጀምሮ ሳይጠየቅ የሚበራ ሲሆን፣ ካልተቀየረ በቀር 2,592,000 ሰኮንድ፣ ማለትም 30 ቀን ይቆያል። መጀመሪያ «ፍላሽ ባይነሪ ሎግስ» በሉ፤ ዳታቤዙ አዲስ ፋይል ይከፍታል፣ ጥፋቱ ያለበት ፋይል ይዘጋል፣ ተረጋግታችሁ ትገለብጡታላችሁ። የረድፍ ለውጦች በቢንሎግ ውስጥ ለዓይን በማይነበብ መልክ ነው የሚቀመጡት፤ «ድሮፕ ቴብል» ግን በግልጽ ጽሑፍ ስለሚገባ፣ ፋይሉ ማይ-ኤስኪውኤል-ቢንሎግ በሚባለው ማንበቢያ ሲወጣ በግሬፕ (በቃል መፈለጊያው) ይገኛል። ከአጠገቡ «አት» ከሚለው ቃል ጋር ያለው ቁጥር ቦታው ነው። ያንን ቁጥር ያዙ። በሰዓት ማቆምም ይቻላል፣ ነገር ግን ሰዓት ከሰኮንድ በታች አይወርድም፤ በአንድ ሰኮንድ ውስጥ ደግሞ 40 ደረሰኝና አንድ «ድሮፕ» አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

ሰዓት ሲነሣ፣ እኛ አገር የሚሠራው ስሕተት የውጭ መመሪያዎች ላይ አይገኝም። ሒሳብ ክፍል «4 ሰዓት ተኩል ላይ ይሠራ ነበር» ይላል። ያ በሰርቨሩ አነጋገር 10:30 ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው የዓለም ሰዓት) የሚቆጥር ከሆነ ደግሞ 07:30 ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሮጠ ስክሪፕት ከሆነ ይብሳል፤ በዩቲሲ የቀድሞው ቀን 23:00 ነው፣ ስለዚህ ፈላጊው ትክክለኛውን ሰዓት ይዞ የተሳሳተ ቀን ውስጥ ይዳክራል። ማይ-ኤስኪውኤል-ቢንሎግ ሰዓቱን የሚያሳየው በራሱ በሮጠበት ማሽን የሰዓት ቀጠና ነው፤ ያው ፋይል ሰርቨሩ ላይ 07:30፣ ላፕቶፓችሁ ላይ 10:30 ቢያሳይ ሁለቱም ልክ ናቸው። ቀኑም እንዲሁ ነው፦ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ያለ ሰው ዲሴምበር 21 ቀን 2025 ማለቱ ነው። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ሦስቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ ግማሽ ቀን ያተርፋል።

ቦታው ከታወቀ፣ ሌላ ማሽን ላይ ተመሳሳይ ቨርዥን ጫኑና የማታውን ባካፕ እዚያ መልሱ። ባካፑ ሲወሰድ «ሶርስ-ዳታ» 2 ተብሎ ከሆነ (ቀድሞ «ማስተር-ዳታ» ይባል ነበር)፣ ፋይሉ ራስጌ ላይ በአስተያየት መልክ የቢንሎጉ ስምና ቁጥር ተጽፏል፤ ማጫወት (በሎጉ የተመዘገቡትን ለውጦች እንደገና ማስፈጸም) የምትጀምሩት ከዚያ ነው። ካልተጻፈ መነሻውን በግምት መፈለግ ሊኖርባችሁ ነው፣ ግምቱም ወይ ረድፍ ይደግማል ወይ ይዘላል። ከዚያ ቢንሎጎቹን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ደርድሩ፤ የመነሻው ቁጥር ለመጀመሪያው ፋይል፣ የማቆሚያው ቁጥር ለመጨረሻው ፋይል ነው የሚያገለግለው። ፋይል በፋይል ለየብቻ ማጫወት፣ በአንዱ የተፈጠረ ጊዜያዊ ቴብል በሌላው ሲፈለግ እንዳይገኝ ያደርጋል። ጂቲአይዲ (ለእያንዳንዱ ትራንዛክሽን የሚሰጥ መለያ ቁጥር) ከበራ «ስኪፕ-ጂቲአይዲስ» ማለት አትርሱ፤ አለበለዚያ ማሽኑ «ይህንን ቀድሜ ሠርቼዋለሁ» ብሎ ድምፅ ሳያሰማ ሊዘለው ይችላል።

ማጫወቱ ሲያልቅ ቴብሉ ከመጣሉ አንድ እርምጃ በፊት እንደነበረ ጎን ማሽኑ ላይ ተቀምጧል። ወደ ፕሮዳክሽን የሚሄደው እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ እዚያ አሉ፣ ከእናንተም ቅጂ ይልቅ ትኩስ ናቸው። ትንሽ ከሆነ በዳምፕ ይውሰዱት። 50 ጊጋ ከሆነ «ፍላሽ ቴብልስ ፎር ኤክስፖርት» ብሎ ፋይሉን ራሱን ገልብጦ «ኢምፖርት ቴብልስፔስ» ማለት በጣም ይፈጥናል።

ፖስትግሬስ ላይ ሐሳቡ ያው ሆኖ አንድ አለመግባባት ብዙ ሰው ያታልላል። በፒጂ-ዳምፕ የተወሰደ ባካፕ ላይ ዋል (የፖስትግሬስ የለውጥ ሎግ) ማጫወት አይቻልም። ዳምፕ የጽሑፍ ግልባጭ ነው፣ ዋል ደግሞ የዲስክ ገጾች ለውጥ ነው፤ አይገናኙም። በየሌሊቱ ፒጂ-ዳምፕ የሚወስድና ዋል የሚያጠራቅም ቢሮ ሁለቱም አለኝ ብሎ ያስባል እንጂ ወደ ትናንት ሌሊት ብቻ ነው መመለስ የሚችለው። በጥፋቱ ደቂቃ አጠገብ ለማቆም በፒጂ-ቤዝባካፕ የተወሰደ ሙሉ ቅጂና ከዚያ ወዲህ ያለው ዋል ሳይቋረጥ ያስፈልጋል። ዋል የሚጠራቀመው በ16 ሜጋ ቁራጭ ስለሆነ የመጨረሻው ቁራጭ ሳይሞላ ገና አልተላከ ይሆናል፤ «ፒጂ-ስዊች-ዋል» ብላችሁ አስወጡት። ፒጂ-ዋልዳምፕ የትራንዛክሽን መዝገቦችን ሲያወጣ የትኛው ኮሚት የትኛውን የቴብል ፋይል እንደጣለ ያሳያል። የዚያን ትራንዛክሽን ቁጥር ማቆሚያ አድርጉ፣ «ኢንክሉሲቭ»ን «ፎልስ» በሉ (እሱን ራሱን ሳይጨምር እንዲቆም)፣ ከቨርዥን 12 ወዲህ ከሆነ «ሪከቨሪ ሲግናል» የሚባለውን ባዶ ፋይል አስቀምጡ፣ አስነሡት። ቆሞ ይጠብቃል፤ ገብታችሁ ታያላችሁ። ቀድሞ ከቆመ ወደፊት ማስኬድ ይቻላል፤ ካለፈ ግን ወደ ኋላ መሄድ የለም፣ ከቤዝባካፑ እንደገና ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ትንሽ ቀድሞ የሚቆመውን እመርጣለሁ።

ሲመለስም ጥንቃቄ አለ። ፒጂ-ዳምፕ አንድ ቴብል ሲባል ኢንዴክሶቹን ይዞ ይወጣል፤ ፒጂ-ሪስቶር አንድ ቴብል ሲባል ግን ኢንዴክሶቹን ይተዋል። ሁለቱ ትእዛዞች ቴብሉን በሚመርጡበት ፊደል ተመሳስለው በሥራ ይለያያሉ፤ ለምን እንደዚህ እንደተተወ አይገባኝም።

ባካፕም ሎግም የሌለውስ? እውነቱን ለመናገር ከዚህ በታች ያለው ሥራ አንዳንዴ ይሳካል እንጂ ሊታቀድበት አይገባም። ፋይሉ በዳታቤዙ ሳይሆን በ«አርኤም» ከጠፋና ዳታቤዙ ካልተዘጋ ጥሩ ዕድል አለ፦ ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሙ እንደያዘው ድረስ ፋይሉ አልሞተም፤ በ«ፕሮክ» ፎልደር ውስጥ፣ በፕሮሰሱ ቁጥር ስር ተከፍቶ ይገኛል፣ መጻፉ ረግቶ ሳለም ይገለበጣል። እዚህ ላይ «ሪስታርት» ያለ ሰው የመጨረሻውን በር ዘጋው። በ«ድሮፕ» ለጠፋ ቴብል ግን ይህ አይሠራም፤ ኢኖዲቢ (የማይ-ኤስኪውኤል የዳታ ማከማቻ ክፍል) ፋይሉን ራሱ ይዘጋዋል፣ ፖስትግሬስ ደግሞ ከማስወገዱ በፊት ርዝመቱን ወደ 0 ያሳጥረዋል።

ለኢኖዲቢ የሚቀረው ዲስኩን መቃኘት ነው። ኢኖዲቢ የሚጽፈው በ16 ኪሎባይት ገጽ ነው፣ እያንዳንዱ ገጽም የየትኛው ኢንዴክስ እንደሆነ ራስጌው ላይ ይይዛል። «አንድሮፕ ፎር ኢኖዲቢ» የሚባለው መሣሪያ የዲስኩን ምስል ሙሉ አንብቦ ገጾቹን በኢንዴክስ ቁጥራቸው ይለያል፣ ከዚያ በቴብሉ አወቃቀር መሠረት ረድፍ ያወጣል። አወቃቀሩ ከሌለ ግን አንድ ባይት የት እንደሚያልቅ አያውቅም፤ ስለዚህ «ክሪኤት ቴብል» የሚለውን ጽሑፍ ከዴቨሎፐሩ ኮድ ፈልጉ። ቴብሎች ሁሉ በጋራ ፋይል የሚቀመጡበት አሮጌ አደራረግ ከሆነ ገጾቹ እዚያው ውስጥ ናቸው፣ ዳታቤዙ እንደገና እስኪጠቀምባቸው። ለየቴብሉ የራሱ ፋይል ካለው (ከ5.6 ወዲህ ያለው ልማድ ነው) ዕጣው በፋይል ሲስተሙና በዲስኩ እጅ ነው። ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ዲስክ) ላይ ያስፈራኛል፦ ኡቡንቱ በሳምንት አንድ ጊዜ «ኤፍኤስ-ትሪም» ያስኬዳል፣ ነፃ የተባሉት ብሎኮች ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ዜሮ ሆነው ነው የሚነበቡት። ያንን መርሐ ግብር ወዲያው አቁሙት። አሮጌው የሚሽከረከር ዲስክ እዚህ ላይ ደግ ነው።

አማርኛ ለያዘ ቴብል አንድ ማሳሰቢያ። ዲስኩ ላይ ዳታ መኖሩን ለማየት «ስትሪንግስ» የሚያስኬድ ሰው የደንበኞቹን ስም አያገኝም፤ መሣሪያው በተለመደው አኳኋኑ የሚያሳየው የላቲን ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። ዳታው ጠፋ ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ ላይ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ የመጀመሪያው 225፣ ሁለተኛው ከ136 እስከ 141። ይህንን ጥንድ የሚፈልግ ትንሽ ስክሪፕት ስሞቹ ያሉበትን ገጽ በቀላሉ ያሳያል። ተመልሶ የመጣው ጽሑፍ ጭረት ባለበት «ኤ» የተሞላ የላቲን ዝብርቅርቅ ከሆነም አትደንግጡ፤ 225 በላቲን-1 ሰንጠረዥ የዚያች ፊደል ቁጥር ነው፣ ባይቱ ደህና ሆኖ በተሳሳተ መነጽር ታይቷል ማለት ነው፣ ይስተካከላል። በጥያቄ ምልክት ከተሞላ ግን ያ ጽሑፍ የለም፤ ሲገለበጥ በተሳሳተ የፊደል ስብስብ ተቀይሯል። ዳምፕ ስትወስዱም ስትመልሱም ዩቲኤፍ-8-ኤምቢ-4 ብላችሁ በግልጽ ጻፉ።

ረድፎቹ ተመለሱ ማለት ቴብሉ ተመለሰ ማለት አይደለም። ፖስትግሬስ ላይ «ካስኬድ» (ተያያዡንም ጭምር) ተብሎ ከተጣለ የሌሎች ቴብሎች ፎሪን ኪና በላዩ የተሠሩ ቪውዎች (በስም የተቀመጡ ጥያቄዎች) አብረው ሄደዋል፤ የተሰጡ ፈቃዶችም እንዲሁ። ማይ-ኤስኪውኤል ላይ ፈቃዱ ይቆያል፣ ትሪገሮቹ (ረድፍ ሲለወጥ በራሳቸው የሚነሡት ትእዛዞች) ግን ይጠፋሉ። ፖስትግሬስ ላይ ሲኩዌንሱ (ቀጣዩን ቁጥር የሚሰጠው ቆጣሪ) ካለው ትልቁ ቁጥር ከፍ ካልተደረገ የመጀመሪያው አዲስ ደረሰኝ «ይህ ቁጥር አለ» ተብሎ ይመለሳል፣ ያውም ወረፋ ላይ ደንበኛ ቆሞ። ከጥፋቱ ጀምሮ አፕሊኬሽኑ እስከቆመበት ያለው ክፍተት ደግሞ ከማንኛውም ሎግ አይገኝም፤ ቴብሉ ስላልነበረ ምንም አልተጻፈም። እዚህ ላይ የወረቀት ባህላችን ያድነናል። የካሽ ሬጅስተር ማሽኑ ጥቅልልና የደረሰኝ ጥራዙ ቅጂ አለ፤ አንድ ሰው ያነባል፣ አንዱ ያስገባል፣ በጥራዙ ቁጥር ቅደም ተከተል የጎደለ ካለ ይታያል።

የኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት የሚሰጠው ጊትላብ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ያጋጠመውን በይፋ ጽፎታል። 300 ጊጋ ገደማ የነበረ የፖስትግሬስ ፎልደር ተሰርዞ ሲቆም 4.5 ጊጋ ብቻ ቀርቶ ነበር። ፒጂ-ዳምፕ በየቀኑ ይሠራል ተብሎ ይታመን ነበር፤ ነገር ግን የ9.2 መሣሪያ በ9.6 ዳታቤዝ ላይ እየሞከረ በየቀኑ ይወድቅ ነበር፣ ውድቀቱን የሚናገሩት ኢሜይሎችም ተቀባዩ ጋ አልደረሱም። ያዳናቸው ከጥፋቱ 6 ሰዓት ያህል ቀድሞ ለሌላ ሥራ በእጅ የተወሰደ ስናፕሾት (የዲስኩ የቅጽበት ቅጂ) ነው፤ የእነዚያ 6 ሰዓታት ዳታ ቀረ። ሪፕሊካ (ዋናውን እየተከተለ የሚቀዳ ሁለተኛ ዳታቤዝ) አለኝ ብሎ የሚተኛም አለ። ሪፕሊካ «ድሮፕ»ን በታማኝነት፣ በሰኮንድ ውስጥ ይደግማል። ሆን ብሎ 1 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ሪፕሊካ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ማይ-ኤስኪውኤል ከ5.6፣ ፖስትግሬስ ከ9.4 ጀምሮ ይችሉታል። ጥፋቱ በሰዓቱ ውስጥ ከታወቀ ማጫወቱን ከ«ድሮፕ» በፊት አቁሞ ቴብሉን ከዚያ መውሰድ ነው። ከላይ የጻፍኩት ግማሹ አያስፈልግም።

ከዚህም የሚቀለው አፕሊኬሽኑ የሚገባበትን ዩዘር «ድሮፕ» መንፈግ ነው። ማይ-ኤስኪውኤል ላይ ይህ ፈቃድ ሲነሣ «ትራንኬት»ም አብሮ ይቆማል። ፖስትግሬስ ላይ የሚጥለው ባለቤቱ ስለሆነ አፕሊኬሽኑ የቴብሎቹ ባለቤት መሆን የለበትም። ማይ-ኤስኪውኤል በእጅ ለሚጽፍ ሰው «ሴፍ-አፕዴትስ» የሚል መከላከያም አለው፤ ሌላው ስሙ «አይ-አም-ኤ-ደሚ»፣ ማለትም «እኔ ጅል ነኝ» ነው፣ ቀልድ አይደለም፣ ትእዛዙ ላይ እንደዚያው ይጻፋል። ቅድመ ሁኔታ የሌለውን «ዴሊት»ና «አፕዴት» ይከለክላል። «ድሮፕ ቴብል»ን ግን ያሳልፈዋል።